ሲሞቱ ዘመዶቻችን

እናቴ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ወንድሞች ነበሯት፤ ሁሉም ሀብታሞች፣ ሁሉም ሙታን።

አትሳቁ። በልጅነቴ ከዚህ የበለጠ እውነት አላውቅም ነበር። እኛ የምንኖረው እሪ በከንቱ ነው። ስሙን እኔ አላወጣሁትም። ከገደሉ ሥር፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የላይ ሰፈርን ጥራጊ ሁሉ አምጥቶ የሚያራግፍበት ቦታ ነው። አንድ ክረምት የሰው ወንበር አምጥቶልናል። እኔ ግን ለልጆቹ ሰውዬው ከነወንበሩ መጣ፣ እራቱን በላ፣ አመስግኖ ሄደ ብዬ ነው ያወራሁት፤ ግማሾቹ አምነውኛል። የእናቴ ወንድሞች ደግሞ ከኛ በላይ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ በባለሰገነት የቆርቆሮ ቤት ይኖሩ ነበር። ይኖሩ ነበር ስል እስኪሞቱ ድረስ ማለቴ ነው። በሕይወት ሳሉ አንዳቸውም ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። የሞቱ ዕለት ግን አንድ አሽከር ገደሉን እየተንሸራተተ ይወርድና በሣር ክዳን ቤታችን በር ላይ ቆሞ፣

"ሰርክአዲስ! ቶሎ ነዪ፣ ጌታዬ ዐረፉ!" ይላል።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጄን ይዛ ትጎትተኝና ሽቅብ እንወጣለን።

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ እናቴ ሌላ ሴት ትሆናለች። ቤት ውስጥ ድምጿ እንኳ የማይሰማ፣ ጎረቤት የውኃ ተራ ቢቀድማት "ይሁን" ብላ የምትመለስ ሴት፣ ደረቷን ደቅታ "ወንድሜን! ወንድሜን!" ስትል የታሰሩት በቅሎዎች ጆሯቸውን ያቆማሉ። የቀኛዝማች እሸቴ አባት የሞቱ ጊዜ ያለችውን እስካሁን አልረሳሁትም፤

በቅሎው ተጭናለች፣ ኮርቻዋ ባዶ፣
ወንድሜ ብቻውን ወዴት ሄደ ማልዶ።

ይኼን ስትል ባለካባው ሁሉ እንደ ጨቅላ ተነፋረቀ። ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ መንገድ ላይ ሲያልፉን ቀሚሳቸው እንዳይነካን ሰብሰብ የሚያደርጉት እመቤቶች፣ የሟቹ ልጅ ሚስት ወይዘሮ የሺዓለም ሳይቀሩ፣ እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥመው "እህቴ፣ ምን ይዋጠን!" እያሉ አለቀሱ። ከዘመድ በቀር እንዲህ አንገት ለአንገት የሚተናነቅ ማን አለ? እኔ በዚህ ነው ያወቅሁት።

ለቅሶው ሲያበቃ እኛን ወደ ጓሮ፣ ማድ ቤቱ ደጃፍ ይወስዱናል። ሌላው እንግዳ ዳስ ውስጥ ተደርድሮ ሲበላ እኛ ከድስቱ አጠገብ። ይኼ ለኔ ትልቅ ክብር ነበር፤ ከድስት አጠገብ የሚቀመጥ የቤት ሰው ነዋ! ስንወጣ ለእናቴ በስልቻ እህል ይሰጧታል።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ቦታው ላይ ኬክ ቤት ተሠርቶበታል፤ ሰፈሩንም ፒያሳ ብለውት ቀርተዋል። አንዳንድ ቀን እዚያ ገብቼ ማኪያቶ አዝዤ እቀመጥና፣ ማድ ቤቱ በየት በኩል እንደነበር በዓይኔ እፈልጋለሁ። እናቴ አልቃሽ ነበረች። በእህል የምትቀጠር አልቃሽ። የሰው ሬሳ ላይ ወንድሜ ማለት ሥራዋ ነበር። ይኼን ያወቅሁት ግን ማንም ነግሮኝ አይደለም፤ ማወቄም ማንንም አልጠቀመም።

የቀኛዝማች አባት የተቀበሩ ዕለት ገደሉን ስንወርድ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ይኼኛው በእናትሽ በኩል ነው በአባትሽ?"

እናቴ ቆመች። ስልቻውን ከትከሻዋ አወረደች። ከዚያ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

"ሲሞቱ ዘመዶቻችን ናቸው፣ አዱዬ።"

"በሕይወት ሳሉስ?"

"በሕይወት ሳሉማ የራሳቸው ናቸው።"

እኔ ይኼን እንደ አዋጅ ያዝኩት። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ "ሀ" ከጆሮዬ ሳይደርስ የሚበተንብኝ ሴትዮ፣ ይኼ አንድ ጊዜ ተነግሮኝ አጥንቴ ውስጥ ገባ። (የኔታ በኋላ አባረሩኝ። ተኝተው ሳለ ጥምጥማቸውን ከፍየሏ ቀንድ ጋር ያሰረው ሌላ ልጅ ነው ብል ማንም አላመነኝም፤ እውነትም ሌላ ልጅ አልነበረም።) ሲሞቱ ዘመዶቻችን ናቸው! እንግዲያው ዘመድ እንዲበዛልን ምን ያስፈልጋል? በጊዮርጊስ በኩል ባለፍን ቁጥር ግንቡን ስሜ፣ "ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆይ፣ ከላይ ሰፈር አንድ ሁለቱን ውሰድልን" እል ነበር።

ለሰፈር ልጆች ደግሞ ስለ አጎቶቼ አወራለሁ። አንዱ አጎቴ ቤቱ ከመስፋቱ የተነሣ እንግዳ ገብቶ መውጫው ጠፍቶት፣ እዚያው አግብቶ ወልዷል። ሌላው አጎቴ በቅሎው የወርቅ ጥርስ አላት፤ ስትስቅ ሌሊቱ ይነጋል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። የጎረቤታችን የእትዬ ሀጂራ ልጅ ዐፊፋ ብቻ፣ ጥጥ እየፈለቀቀች ቀና ሳትል፣

"ዘመድሽ ከሆነ ለምን በጓሮ በር ትገቢያለሽ?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ዋናው በር ለባዕድ ነው" አልኳት።

"እህ። እኛ ቤት ግን አንድ በር ነው ያለው" አለችና ጥጧን ቀጠለች። ሳምንት አኮረፍኳት።

ከዚያ በ፲፱፻፲፩ ዓ.ም. ያ ኅዳር መጣ።

ስለ ኅዳር በሽታ ስንቱ ስንቱን አውርቷል። እኔም በቀልድም በምርም ብዙ ቀጥፌበታለሁ፤ እዚህ ግን መጨመር አያስፈልገኝም። ሰው ጠዋት አስነጥሶ በማግሥቱ ይቀበር ነበር። በየደጁ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጨሳል። ነጭ ሽንኩርት ጠፋ፣ ፌጦ ጠፋ፣ በኋላ ቀባሪ ጠፋ። እኔ ግን፣ እንግዲህ ታዘቡኝ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አሽከሮቹ ገደላችንን እየተሽቀዳደሙ ይወርዱት ጀመር። "ሰርክአዲስ ነዪ!" "የለም፣ የኛ ይቀድማል!" ጸሎቴ ተሰማ አልኩ። ዘመድ በዘመድ ሆንን። እናቴ ከአንዱ ድንኳን ወጥታ ሌላው ትገባለች፤ በላይዋ ላይ ስንቱ እያስነጠሰ፣ ስንቱ እያሳለ አንገቷን ያንቃታል። አንድ ቀን ከለቅሶ ስትመለስ ደጃችን ላይ ተደግፋ ቆመች። ከአፍንጫዋ ደም ይወርድ ነበር።

"አዱዬ፣ ውኃ" አለች። ከዚያ ወደቀች።

እትዬ ሀጂራ መጥታ ግንባሯን ዳሰሰች። ወሎዬ ናት፤ ወሬ አታበዛም። ቅጠሉን አጨሰች፣ ሽንኩርቱን ቀጠቀጠች፣ በመጨረሻ አጠገቧ ቁጭ አለች።

"ላይኞቹ ቤት የፈረንጅ ሐኪም ጠርሙስ አለ ይላሉ" አለች። "ቀኛዝማች ቤት። ግና ለኛ ማን ይሰጠናል?"

"እኔ አመጣዋለሁ! ዘመዶቻችን እኮ ናቸው" አልኳት።

እትዬ ሀጂራ እናቴን አየቻት። እናቴም እትዬ ሀጂራን አየቻት። ያኔ የመሰለኝ እትዬ ሀጂራ በዘመዶቻችን ቀንታ ነው።

ሽቅብ ሮጥኩ። ቀኛዝማች በር ላይ ዘበኛው ጋሼ ገብረክርስቶስ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ቆመዋል።

"ማነሽ? እዚያው ሁኚ!"

"አዳነች ነኝ፣ የሰርክአዲስ ልጅ።"

"እናትሽስ? እሷን ልጠራ ልወርድ ስል ነው። ቀኛዝማች ዐረፉ።"

"እሰይ!" አልኩ።

ዱላው ጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ምን ላድርግ? ቀኛዝማች ሞቱ ማለት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አጎቴ ናቸው ማለት ነው፤ አጎቴ ከሆኑ ደግሞ ጠርሙሱ የኔ ነው። ደስ አለኝ። በዱላው ሥር ሹልክ ብዬ ገባሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዋናው በር።

ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሰው ግን የለበትም ማለት ይቻላል። እንደ አባታቸው ለቅሶ ሰው የሚጋፋበት አይደለም። እዚህም እዚያም ተራርቀው የተቀመጡ ጥቂት ሴቶች፣ አንድ የሚያስል ቄስ፣ በመካከል አስከሬኑ። ወይዘሮ የሺዓለም ፊታቸውን ነጭተው ደም ለብሷል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"እትዬ፣ እማዬ ታማ ተኝታለች። የሐኪሙን ጠርሙስ ይስጡኝ።"

"ማናት ይቺ?"

"የአልቃሿ ልጅ ናት፣ እመቤቴ። እናቲቱ ወድቃለች አሉ" አሉ ጋሼ ገብረክርስቶስ ከኋላዬ።

"ወድቃለች?" ወይዘሮ የሺዓለም ቀና አሉ። "ዛሬ ነው የምትወድቀው? ታዲያ እሸቴን ያለ አልቃሽ ልቅበረው? እንደ ተራ ሰው? እንደ ገደል ሰው?" ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንቺ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"እንግዲያው አልቅሺ። ጠርሙሱ ኋላ ይሰጥሻል።"

ከል አለበሱኝ፤ ለለቅሶ ቤት ተብሎ ጥቁር የተነከረ ትልቅ ኩታ። ዙሪያዬን ተጠቅልሎ መሬት ይጎተታል። በቅሎው ተጭናለች አልኩ፣ አለቀ። የእናቴን የማውቀውን ሁሉ አልኩ፣ አለቀ። ዝም ባልኩ ቁጥር ወይዘሮ የሺዓለም "ምነው ዝም አለች?" ይላሉ፤ ጋሼ ገብረክርስቶስ በዱላቸው ጎኔን ነካ ያደርጉኛል። ሌላ ሲጠፋኝ ሽቅብ ወደ ጣሪያቸው አየሁና ከራሴ አወጣሁ፤

ወንድሜ ወንድሜ፣ ባለቆርቆሮ ቤት፣
ዝናብ ያላስገባ፣ እንዴት አስገባ ሞት።

ይኼኔ ወይዘሮ የሺዓለም ጮኸው ሬሳው ላይ ወደቁ። ሴቶቹም አብረው ጮኹ። ደስ አላቸው ማለት ነው ብዬ ደጋገምኩት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ፣ የቀኛዝማች አስከሬን እስኪወጣ፣ ከጉሮሮዬ ድምፅ ሳይሆን ነፋስ እስኪወጣ ድረስ ደጋገምኩት።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ገረዲቱ ጠርሙሱን ይዛ ወጣች። ወደ ብርሃን አነሣችው፣ ውኃ ጨመረችበት፣ በአውራ ጣቷ ደፍና አንቀጫቀጨችው፣ ሰጠችኝ። ለእናቴ እንዳይበረታባት ማቅጠኗ መሰለኝ። ካረጀሁ በኋላ ነው ያ ጠርሙስ በዓይኔ ላይ ተመልሶ የመጣው፤ ከውኃው በፊት ውስጡ ምንም አልነበረም። ምንም። ያለቀ ጠርሙስ አለቅልቀው ነው የሰጡኝ። ያኔ ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ የገረዲቱን እጅ ሳምኩ። ከሉን መልሺ ያለኝም አልነበረም፤ እሱንም የሰጡኝ መስሎኝ ለብሼው ወረድኩ።

እናቴ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

"ከል? ማን ሞተ?"

"ቀኛዝማች። ወንድምሽ" አልኳት፤ ድምፄ እንደ ደረቀ ቅጠል ሆኗል። "አለቀስኩላቸው። መድኃኒትም ሰጡኝ።"

ጠርሙሱን ከንፈሯ ላይ ያዝኩላት። ጠጣች። ጠጥታ ምላሷን አጣጣመችና ጠርሙሱን አየችው፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ እኔን አየችኝ።

"ጥሩ መድኃኒት ነው" አለች። "ደግ አደረግሽ። ምን ብለሽ አለቀስሽ?"

በሹክሹክታ ነገርኳት። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

"ማን አስተማረሽ?"

"ማንም።"

"'እንዴት' የምትለዋን ሳብ አድርጊያት። እንደ ገመድ። 'ሞት' ላይ ስትደርሺ ግን አትጩሂ፣ ዝቅ በይ። ሞት ላይ የሚጮህ ጀማሪ ነው።" አሳላት። "እስቲ በይ።"

አልኩት። "እንዴት"ን ሳብኩት። ድምፅ ግን አልወጣም።

"በቃ፣ ነገ" አለች።

ጠዋት ስነሣ ቀዝቅዛለች።

እዚህ ላይ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ በኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የሚነገረው በጩኸት ነው። ቤተሰቡ ወጥቶ ኡኡ ይላል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ይሰበሰባል። ያልተጮኸለት አልሞተም። እኔ ደጅ ወጥቼ አፌን ከፈትኩ። ምንም። ደግሜ ከፈትኩ። አንድ ውሻ ብቻ ዞር ብሎ አየኝ። የእትዬ ሀጂራ በር ዝግ ነው፤ እሷም በዚያው ሌሊት ወድቃ ኖሯል። ዐፊፋን ወደ አክስቷ ሰድደዋታል። የአልቃሿ የሰርክአዲስ ሞት በእሪ በከንቱ አልተሰማም።

አልደነገጥኩም። አዋጁን አውቃለሁ። ሲሞቱ እነሱ ዘመዶቻችን ከሆኑ፣ እኛ ስንሞት የማይሆኑበት ምን ምክንያት አለ? እናቴን በዚያ ጥቁር ከል ሸፈንኳት፤ እመቤት መሰለች። ደጁን ጠረግኩ። ሰሌናችንን ፀሐይ ላይ አነጠፍኩ፤ ለማይበቃቸው ድንጋይ ደረደርኩ፤ ለወይዘሮ የሺዓለም ጎርፍ ያመጣልንን ወንበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ ገደሉን አየሁ።

ዋልኩ። ነገ ይመጣሉ አልኩ። በማግሥቱም ቁጭ አልኩ።

ረፋድ ላይ ከላይ አንድ ሰው ብቅ አለ። በዱላ እየተደገፈ ይወርዳል። ጋሼ ገብረክርስቶስ! ብድግ አልኩ። ሰሌኑን አራገፍኩ። ሌሎቹ ከኋላ ናቸው ብዬ አንገቴን አሰገግሁ።

ጋሼ ገብረክርስቶስ ከሰሌኑ ወዲያ ቆሙ። አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

"እናትሽስ? እመቤቴ ሌሊት ዐረፉ። ትምጣ ተብሏል።"

በጣቴ ወደ ውስጥ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በበሩ አዩ።

"ኧረ በሥላሴ!" ወደ ኋላ አሉ። እንደገና አጮለቁ። "ያ ከል የኛ አይደለም እንዴ?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሳይገቡ፣ ከደጃፉ ሆነው፣ በዱላቸው ጫፍ ከሉን ከእናቴ ላይ ገፈፉት። መጀመሪያ ፊቷ ተገለጠ፣ ከዚያ ደረቷ፣ ከዚያ እግሮቿ። እንደ እባብ ዱላው ላይ አንጠልጥለው አወጡት፣ ሣሩ ላይ አራገፉት፣ ወደ እኔ ወረወሩት።

"ልበሺው። ተነሺ። አራዳ ውስጥ ሌላ አልቃሽ አልቀረም።"

ገባኝ። ለካ ለዚህ ነው ወይዘሮ የሺዓለም ያልመጡት! ሞተው ነዋ። ይቅር አልኳቸው። እንግዶች ሳይቀመጡበት የቀረውን ሰሌን ጎትቼ እናቴን ሸፈንኩና፣ ከሉን ለብሼ ተከተልኩ።

ድንኳኑ ያው ነው፤ ሴቶቹ አንሰዋል፣ ቄሱ የሉም። መካከል ላይ ተሸፍኖ የተኛ ሴት አስከሬን አለ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ መጣ። ሴት ስትሞት ወንድሜ አይባልም። አንዲት እመቤት ስትሞት እናቴ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ 'እናቴ' ነው የምትለው።

እናቴ እናቴ፣ ባለሣር ክዳን ቤት፣
በርሽ መች ተዘጋ፣ ምን አስቸኮለው ሞት።

አንዷ ሴት ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ "የምን ሣር ክዳን ነው የምትለው?" ስትል ሰማሁ። "ዝም በይ፣ ታልቅስበት" አለቻት ያቺኛዋ፣ እንባዋን እየጠረገች። እናቴ እንዳለችው "መች"ን ሳብኳት። "ሞት" ላይ ዝቅ አልኩ። ጋሼ ገብረክርስቶስ ዱላቸውን አልተጠቀሙም። ራሳቸው አለቀሱ።

ሲመሽ በስልቻ እህል ሰጡኝ። ከሉን ግን በር ላይ አስወለቁኝ።

እትዬ ሀጂራ ከሞት ተርፋ፣ ከደጃችን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቤታችን ባዶ ነበር።

"ሬሳ ለቃሚዎቹ መጡ" አለችኝ። "ከነሰሌኑ ወሰዷት። አንድ ጉድጓድ ነው ለሁሉም። እኔ መነሣት አቅቶኝ በቀዳዳው አየሁ።" ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ያን ሁሉ ሰው ስታስለቅስ ኖራ... አንድ ሰው አላለቀሰላትም።"

"አለቀስኩላት" አልኳት፤ ስልቻውን አወረድኩ።

"የት?"

"ላይ ቤት።"

እትዬ ሀጂራ ዞራ አየችኝ።

"ብቻሽን?"

"ኧረ ምን ብቻዬን!" አልኳት። "ዘመዶቻችን ሁሉ መጥተው ነበር።"